የስካርሌት የመጋረጃ ቀሚስ፦ ጨርቅ ነው በቃ ወይስ ሌላ ነገር አለው?

መጽሐፍ_ታቅፌ፦
ሰላም ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ መልስ ካላገኘሁ ዛሬም እንቅልፍ የለኝም። አራት ሴቶች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን መጽሐፍ እናነባለን (ያው ግማሹ ሰዓት ቡና ነው)፣ በዚህ ወር የያዝነው የማርጋሬት ሚቼልን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። እኔ የነቢይ መኮንንን ትርጉም ልጅ ሆኜ ከእናቴ መደርደሪያ ሰርቄ አንብቤዋለሁ፣ ያኔ ዓይኔ የሚያየው ሬት በትለርን ብቻ ነበር ሃሃ። አሁን እንግሊዝኛውን ስይዝ ግን ሰዎቹን ትቼ ዕቃ ዕቃውን ማየት ጀመርኩ፣ ጫማው፣ ባርኔጣው፣ ቀለበቱ፣ የኪስ ሰዓቱ፣ ከሁሉም ደግሞ መጋረጃው።

ላላነበበ ባጭሩ፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አልቋል፣ እኤአ 1866 ነው፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የስካርሌት ቤተሰብ እርሻ ታራ ላይ 300 ዶላር ግብር ተጭኖበታል፣ ካልከፈሉ ይሸጣል። ሊገዛው ያሰፈሰፈው ደግሞ እዚያው እርሻ ላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሠራ የተባረረ ሰውዬ ነው፣ ቁጭቱን አስቡት። ብር ይኖረዋል ብላ የምታስበው ሬትን ብቻ ነው፣ እሱ አትላንታ ታስሯል፣ እሷ ደግሞ የተጣጣፈ ቀሚስ ነው ያላት። ችግረኛ መስላ ከሄደች እንደማያልፍላት ታውቃለች። እና መስኮቱ ጋ ቆማ የሟች እናቷ መጋረጃ ላይ ጉንጯን ታስጠጋለች፣ አረንጓዴ ከፋይ ነው፣ እየወጋትም እየለሰለሳትም እንደ ድመት ትታሸዋለች፣ ከዛ ድንገት ቀና ብላ መጋረጃውን ታየዋለች። አለቀ። ወዲያው ባለ እብነበረድ ጠረጴዛ እየጎተተች ነው፣ ላዩ ላይ ወጥታ ዘንጉን ስትስበው ምስማሩ ተነቅሎ መጋረጃም ዘንግም አንድ ላይ ወለሉ ላይ ዘጭ። ሞግዚቷ ማሚ ደርሳ የእመቤቴን መጋረጃማ በሕይወት ቆሜ አይሆንም ትላለች፣ ማን ሰምቷት።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ብፈልግ የማገኘው «መጋረጃው የጽናት ምልክት ነው፣ አረንጓዴ የገንዘብ ቀለም ነው» ምናምን የሚል የፈተና መልስ የሚመስል ነገር ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ሲኒዋን እንደያዘች «ሴትዮዋ ልብስ አጣች፣ መጋረጃ ለበሰች፣ ምንድን ነው የምትፈላሰፉት» ብላ ዘጋችኝ። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። አንድ ነገር አለ፣ ግን ምን እንደሆነ አፌ ላይ ሊመጣልኝ አልቻለም። ያነበባችሁ እስቲ በራሳችሁ አባባል ንገሩኝ፣ ሌላ ዓይናችሁ የገባ ዕቃ ካለም ጨምሩ።

ፊልሙን_ብቻ፦
እኔ እንደ ስሜ ነኝ፣ ያየሁት የ1939ኙን ፊልም ብቻ ነው፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ መሃል ላይ ተኝቼ ስነቃ አሁንም እየተጨቃጨቁ ነበር። ግን የመጋረጃ ነገር ከተነሳ ኬሮል በርኔት የምትባል ኮሜዲያን እኤአ 1976 ቲቪ ላይ የቀለደችውን ፈልጊና እዪው። መጋረጃውን ዘንጉን እንኳን ሳታወልቅ ለብሳ፣ ዘንጉ ትከሻና ትከሻዋ ላይ እንደ ቀንበር ተጋድሞ ደረጃ ትወርዳለች፣ ሬት ሆኖ የሚሠራው ቀሚሱ ያምራል ሲላት መስኮት ላይ አይቼው አላስችል ብሎኝ ነው ትላለች። ከዛ ወዲህ ዋናውን ትዕይንት ሳየው ትከሻዋ ላይ ዘንጉን ነው የምፈልገው። ከዚህ በላይ የማዋጣው የለኝም፣ ልሰማ ነው የመጣሁት።

ሲንጀር_መርካቶ፦
እንደምን ናችሁ ልጆች። እኔ ሰፊ ነኝ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ላይ ተቀምጫለሁ፣ መጽሐፉን ያነበበችው ልጄ ናት፣ ይቺን ጥያቄ አንብባልኝ «አባዬ ይሄ ያንተ ነው» ስላለችኝ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ።

የእኔ እህት፣ ስለ ምልክት አላውቅም፣ ስለ ከፋይ ግን ልንገርሽ። ከፋይ ጸጉር ያለው ጨርቅ ነው። ጸጉሩ ወደተኛበት ስትዳብሺው እንደ ቅቤ ነው፣ ወደ ላይ ስትመልሺው ይሻክራል፣ ይወጋል። ጸሐፊዋ እየወጋትም እየለሰለሳትም ብላ ከጻፈች ዝም ብላ ቃል ለማሳመር አይደለም፣ ከፋይ ነክታ ነው። ጉንጭ ላይ ደግሞ ከእጅ ይልቅ ይታወቃል፣ እኛም ጨርቅ ሲመጣ ጸጉሩ ወዴት እንደተኛ ስንጠራጠር አንዳንዴ ጉንጫችን ላይ ነው የምንሞክረው። እና ያቺ ልጅ ሳታውቀው ጨርቁን እየለካችው ነበር ማለት ነው፣ ዓይኗ ያየው በኋላ ነው፣ ጉንጯ ቀድሟታል።

ሁለተኛ፣ ከፋይ በኛ አገር ምን ላይ እንደሚውል አስቢው። የካህናት ካባ፣ የቤተክርስቲያን ጥላ፣ የሙሽራ ካባ። የከበረ ነገር የሚሸፈንበት ጨርቅ ነው። ሁልጊዜ የሚለበስ ቀሚስ በከፋይ አይሰፋም፣ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ተቀምጠሽበት ስትነሺ የተቀመጥሽበት ይታያል፣ ፊት ለፊቱን ከካወያሽው ደግሞ አበቃለት፣ ጸጉሩ ይሞታል። መጋረጃ ከሆነማ ሌላ ጣጣ አለው፣ ፀሐይ የበላው ቦታና እጥፋት ውስጥ የተደበቀው ቦታ አንድ ዓይነት ቀለም አይሆንም። ልጄ ፊልሙን ስታሳየኝ ያየሁት እሱን ነው፣ ቀሚሱ ላይ አንዳንድ ቦታ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ የሰፋው ሰው ሥራውን ያውቃል አልኳት። ማለቴ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሀብታም ያያል፣ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ግን መስኮቱን ያያል። ይሄ ምልክት ከተባለ ምልክት ነው፣ እኔ ሥራ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ልጄ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጅቷ የለበሰችው ቀሚስ 12 ያርድ ጨርቅ እንደፈጀ አነበበችልኝ፣ 11 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ወገቧ ደግሞ 17 ኢንች! በሴንቲ 43 ይሆናል፣ እኔ 43 የለካሁት ትንሽ ሕፃን ላይ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ጨርቅ እንዲህ ሲተርፋት አይተናል፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ነቅላ ለበሰች። ጸሐፊዋ ሜትር ይዛ ነው የጻፈችው።

መጽሐፍ_ታቅፌ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! «ጉንጯ ቀድሟታል» የምትለዋን ቅዳሜ ይዣት ነው የምሄደው። እና አስታወሱኝ፣ ያ የመጀመሪያው ገጽ ቀሚስም እኮ አረንጓዴ ነው፣ አባቷ ከአትላንታ ያመጣላት ጫማም አረንጓዴ፣ ሬት ከፓሪስ ያመጣላት ባርኔጣም አረንጓዴ፣ ዓይኗም አረንጓዴ። ባርኔጣው ደግሞ ባሏ ሞቶ ጥቁር ለብሳ ባለችበት ጊዜ የመጣ ነው፣ እሱን ለማድረግ ስትል ነው ሐዘኑን የጣለችው። እንደኔ አረንጓዴው ብር ምናምን ሳይሆን ዝም ብሎ የራሷ ቀለም ነው፣ መጋረጃውን ስታየው ራሷን አይታ ይሆናል።

ጓንት_የረሳች፦
እንዴ እጇን ረሳሽው እኮ! እኔ ለዚህ መጽሐፍ የምሞትለት ቦታ መጋረጃው አይደለም፣ ቀጥሎ እስር ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። ስካርሌት እኮ ሁሉን አሟልታ ነው የሄደችው፣ የከፋይ ቀሚሱ አለ፣ ባርኔጣው ላይ የጓሯቸው አውራ ዶሮ ጭራ ላባ ተሰክቷል፣ ሳቅ አለ፣ ታራ ላይ ሁሉ ሰላም ነው ጥጋብ ነው ብላ ስትዋሽለት ሬትም አምኖ ልቡ ራርቶ ሊስማት ደርሶ ነበር፣ ከዛ እጇን ይዞ መዳፏን ገልበጥ አድርጎ ሊስመው ሲል ያያል። መዳፏ እንደ ገበሬ ጠንክሯል፣ አውራ ጣቷ ላይ በደንብ ያልዳነ ውሃ የቋጠረ ቁስል አለ፣ ትኩስ ስብ ያቃጠላት ጠባሳ አለ፣ ጥፍሯ ተሰባብሯል፣ ጥጥ ስትለቅም የከረመች እጅ ናት። በቃ። አሥራ ምናምን ሜትር ከፋይ የሰፋውን ውሸት አንድ መዳፍ ተረተረው። ልጅቷ ደግሞ በዛች ሰዓት የምታስበው ምን መሰላችሁ፣ ምናለ የአክስቴን ጓንት በተዋስኩ ነው የምትለው! እኔ ይሄን ቦታ ያነበብኩት አረብ አገር ሆኜ ነው፣ የሰው ቤት ስሠራ፣ ሌሊት በስልክ፣ እና እጄን አየሁት። ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ እኮ መጀመሪያ የምገዛው ቀሚስ ነው፣ ወርቅም አደርጋለሁ፣ ሰፈር ሁሉ አማረባት ይላል፣ እናቴ ግን ስትስመኝ እጄን ይዛ ነው የምታለቅሰው። በረኪናው እንዲህ አርጎኝ። ስለዚህ ለኔ ሲምቦል የምትሉት ነገር ቀሚሱ ብቻውን አይደለም፣ ቀሚሱና ጓንቱ ናቸው፣ ያለውና የሌለው። የሌለው ዕቃ ነው ታሪኩን የገለበጠው።

ቅዳሜ_ቡና_አፍዪ፦
ያቺ ሲኒ ይዛ «ምንድን ነው የምትፈላሰፉት» ያለችው ጓደኛ እኔ ነኝ፣ ስሜ ሲነሳ መጣሁ 😂 አሁንም አቋሜ ያው ነው። ጓንት የረሳሽው እህቴ አስለቀስሽኝ፣ እውነት፣ ግን የተናገርሽው ራሱ እኔን ነው የሚደግፈው፣ እጅ እጅ ነው፣ ምልክት አይደለም፣ ያመማል። ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ዕቃውን ሁሉ «ይሄ እንዲህን ይወክላል» እያለ ሲተረጉም ዕቃው ይጠፋል። ስካርሌት ዕቃን እንዴት እንደምታይ እዩ፣ በዋጋ ነው የምታየው። 300 ዶላር፣ ይሄ ስንት ያወጣል፣ ያ ስንት ያወጣል። አትላንታ ላይ ለሆስፒታል መዋጮ ሲሰበሰብ ሴቶቹ ወርቅ ሲሰጡ እሷ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ስትጥል ደስ ብሏት ነው፣ ባሏን አልወደደችውም፣ ሞቷል፣ ቀለበቱ ለሷ ብረት ነው። የሟች ባሏ እህት ሜላኒ ግን ያንኑ ስታደርግ ሞቷ ነበር፣ ሬት የሜላኒን ቀለበት በአሥር እጥፍ ዋጋ ገዝቶ መለሰላት። ሁለት ቀለበት፣ አንድ ቅርጫት። ቀለበቱ በራሱ ምንም አይልም ማለቴ ነው፣ የሚናገረው ያወለቀችው ጣት ነው።

ሌላው ደግሞ የስፌት ሳጥኑ። ያ ሊዘርፍ የገባው የሰሜን ወታደር እጁ ላይ የእናቷን የስፌት ሳጥን ይዞ ታየዋለች። ከዛ በፊት ፈርታ ነበር፣ ሳጥኑን ስታይ ነው ደሟ የፈላው፣ ተኩሳ ገደለችው። አሁን ሳጥኑ «የእናትነት ምልክት» ነው ብላችሁ ብትጽፉ ማንን ያስደስታል? የእናቷ ነዋ! የሞተች እናትሽን ዕቃ ሌባ ሲነካው ለማበድ ሥነጽሑፍ መማር አያስፈልግም። እና ይሄንን አስታውሱና መጋረጃው ላይ ተመለሱ፣ ለእናቷ ሳጥን ሰው የገደለች ልጅ ነች የእናቷን መጋረጃ በገዛ እጇ ነቅላ ለመቀስ የሰጠችው። ማሚ የጮኸችው ለዚህ ነው። ይቺ ነች የምታስደነግጠኝ። ከዚህ በላይ አታስለፍልፉኝ።

መጽሐፍ_ታቅፌ፦
አየሽ! አየሽ አሁን! «ጨርቅ ነው» ብለሽ ጀምረሽ የት ደረስሽ? እኔ ሁለት ሳምንት አፌ ላይ አልመጣ ያለኝን ነገር ነው የተናገርሽው። ሳጥኑንና መጋረጃውን አያይዤ አላየሁትም ነበር። ቅዳሜ ቡናው በኔ ነው።

ፒችትሪ_ላይ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። አትላንታ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ፣ ፒችትሪ ጎዳና ላይ ሚቼል መጽሐፉን የጻፈችበት ቤት አለ፣ ሙዚየም ሆኗል፣ ምድር ቤቱ ላይ ያለች ጠባብ አፓርታማ ናት፣ እሷ ራሷ ቆሻሻ መጣያው እያለች ነበር የምትጠራት። የሞተችውም እዚሁ ጎዳና ላይ መኪና ገጭቷት ነው፣ እኤአ 1949። ቱሪስት ሳደርስ እጎበኛለሁ እንግዲህ፣ ለዛ ነው መጽሐፉን ያነበብኩት፣ እና ሳልናገር ማለፍ ያልቻልኩት ነገር አለ።

ሁላችሁም ስለ ጨርቁ ስታወሩ ጨርቁ ከየት መጣ ያለ የለም። ታራ ምንድን ነው የሚያመርተው? ጥጥ። ጥጡን ማን ነው የሚለቅመው? ባሪያዎች። ደቡቡ በጥጥ ነው የከበረው ግን ጥጡን ወደ እንግሊዝ ፋብሪካ ይልክና ጨርቁን መልሶ ይገዛል፣ የራሱ ፋብሪካ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጦርነቱ ሲመጣ ሰሜኖቹ ወደቡን ዘጉት፣ ጥጡ እርሻ ላይ ተከምሮ ሰዉ ራቁቱን ሊቀር ደረሰ። ሬት ሀብታም የሆነው በዚች ነው፣ የተዘጋውን ወደብ በመርከብ ሾልኮ ጥጥ እያወጣ ዳንቴልና ኮርሴት (ከኋላ በክር የሚታሰር የወገብ ማጥበቂያ) እያስገባ። እና የጥጥ እርሻ ባለቤት ልጅ የምትለብሰው አጥታ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስትነቅል፣ ለኔ ጽናት ምናምን አይደለም የማየው፣ የዛ ኑሮ ኪሳራ ነው። ሌላ ሰው ለቅሞ ሌላ ሰው ፈትሎ ሌላ ሰው ሰፍቶ ሲያለብሳት የኖረች ልጅ ናት። ደግሞ አሁንም ማን ሰፋው? ማሚ ነቻ። አይሆንም ብላ ጮኸች፣ ከዛ መርፌዋን አነሳች። ያ 17 ኢንች ወገብም እኮ በራሱ አልመጣም፣ ክሩን ከኋላ የሚስበው የማሚ እጅ ነው። ሦስተኛዋን ልጅ ቦኒን ከወለደች በኋላ ወገቧ 20 አልወርድም ብሎ እምቢ ሲል ነው ከዚህ በኋላ ልጅ አልወልድም ያለችው፣ ከሬት ጋር ያለው ትዳሯ ከዛች ቀን ጀምሮ ነው የተበላሸው። በሜትር!

ሁለት ዕቃ ልጨምር። አንዱ የማሚ ቀይ የውስጥ ቀሚስ ነው። ሬት ከኒው ኦርሊየንስ አመጣላት፣ ማሚ ሰውየውን አትወደውም ነበርና ሳትነካው አስቀመጠችው፣ ቦኒ የተወለደች ቀን ነው የለበሰችው፣ ሬት ስትራመድ ሐሩ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ነው ያወቀው። ያምራል፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ያቺ ሴት በመላው መጽሐፍ የራሷ የሆነ ነገር አላት ቢባል ይሄ ነው፣ እሱም ስጦታ ነው፣ ስሟ እንኳን የራሷ አይደለም፣ ማሚ ሞግዚት ማለት እንጂ ስም ነው እንዴ?

ሁለተኛው የፖርክ ሰዓት። የስካርሌት አባት ሲሞት የወርቅ ሰዓቱን ለአሽከሩ ለፖርክ ትሰጠዋለች፣ ጥሩ። ከዛ «ስምህንና አንተ በጎ ታማኝም... የሚለውን ቃል ላስቀርጽልህ» ትለዋለች። ያ ቃል የማቴዎስ ወንጌል ነው፣ የመክሊቱ ምሳሌ። በእንግሊዝኛው አገልጋይ ነው የሚለው፣ ለስለስ ያለ ነው። በኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፣ «አንተ በጎ ታማኝም ባሪያ» ነው። እኔ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ በጭንቅላቴ አማርኛው ሲመጣ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ክው አልኩ። ነጻ ለወጣ ሰው፣ በወርቅ ላይ፣ ባሪያ ተብሎ ሊቀረጽለት! ፖርክ ደግሞ ያለው ነገር ይጣፍጣል፣ ቀረጻው ይቅርብኝ፣ ሰዓቱን ብቻ ስጪኝ አለ። ለምን ስትለው ከእጄ ከወጣ ሐሳብሽን ቀይረሽ ትሸጪዋለሽ ብሎ ነው የፈራው። ሚቼል እንደ ቀልድ ነው የጻፈችው፣ እሷ የዛን ዘመን ናፋቂ ነች፣ ባርነትን አሳምራ ነው የሳለችው፣ ይሄን ደብቀን አናንብብ። ግን ዕቃው ከጸሐፊዋ በላይ ያውቃል። ፖርክ ስካርሌትን ከሁላችንም በላይ ነው የሚያውቃት፣ መጋረጃውን ስትነቅል እዛው ቤት ነበራ።

ፊልሙ ላይ ማሚ ሆና የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ስትሸለም ለብቻ በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጧት፣ አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅ ደግሞ ጭራሽ መምጣት አልቻለችም። ይሄን የምለው ለማኩረፍ አይደለም፣ መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ጸጸቱም የሚመጣው ከዛ ነው።

ቅዳሜ_ቡና_አፍዪ፦
ወንድሜ እጅ ሰጠሁ። የሰዓቱ ነገር ፊልሙ ላይ ሳየው እንዲሁ አልፌው ነበር። አንድ ጥያቄ፣ ማሚ መርፌዋን ያነሳችው ስለተገደደች ነው ወይስ የእመቤቷን ቤት ለማዳን ብላ? እኔ ሳነበው ከስካርሌት ይልቅ እሷ ነች ታራን ልታድን የተነሳች የመሰለችኝ፣ አትላንታም ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከትላት ሄዳለች።

ፒችትሪ_ላይ፦
ሁለቱም ይሆናላ እህቴ። ችግሩ ሚቼል የማሚን ልብ ከውስጥ አላሳየችንም፣ የስካርሌትን ስታሳየን 1037 ገጽ ጨረሰች።

የድሮ_አንባቢ፦
ልጆች ደስ ትላላችሁ። 1037 ገጽ ስትሉ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው፣ ምናልባት ወጣቶቹ ካልሰማችሁት። እናንተ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ትቆጥራላችሁ፣ እኔ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ የተጻፈበትን ዕቃ ነው የማስበው። ነቢይ መኮንን ይሄንን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው፣ ማዕከላዊ። ወረቀት የለም። የተረጎመው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ነው፣ ያቺ ብርማ ጀርባ ያላት። ከዛ እየተጣጠፈች ተመልሳ ፓኮ ውስጥ ገብታ በሚፈታ ሰው ኪስ ወጣች፣ 3000 ገደማ ቁራጭ ወረቀት ነው የተባለው። ከውጭ ደግሞ ያንን ሁሉ ከየሰዉ ቤት መልሶ መልቀም ነበር።

አስቡት እንግዲህ፣ አሥራ ሁለት ያርድ ቀሚስ የሚለውን ዓረፍተ ነገር መዳፍ በማታክል ወረቀት ላይ መጻፍ። የማያጨስ ሰው እንኳ ፓኮ ይሰበስባል ማለት ነው። ስካርሌት መጋረጃውን ስታየው ቀሚስ ሆኖ እንደታያት፣ ያም ሰው ፓኮውን ሲያይ ገጽ ሆኖ ታየው። እኔ ወጣት ሆኜ ታትሞ የወጣውን ሳነብ ይሄን አላውቅም ነበር፣ በኋላ ስሰማ ሄጄ መጽሐፉን አገላበጥኩት፣ እዚህ ጋ ነው ወረቀቱ ያለቀው እያልኩ በየመስመሩ እገምታለሁ፣ የሚገርም ነው፣ ሞኝነት ነው ግን እስካሁን እንደዛ ነው የማነበው።

ሚቼልም ብትሆን ያው ነች፣ ምዕራፎቹን በፖስታ በፖስታ ከትታ ቤቱ ውስጥ በየቦታው ወሽቃቸው ነበር፣ እኤአ 1935 የማክሚላን አሳታሚ ሰው መጥቶ ሲወስድ ብዛቱ አስቸግሮት ሻንጣ ገዝቶ ነው የተሸከመው። አንዱ በሻንጣ፣ አንዱ በፓኮ።

ጓንት_የረሳች፦
አባቴ ይሄን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሲጋራ ወረቀት ሳስብ ላድር ነው፣ ነገ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምነሳው 😅 የኔ ስልክ ላይ ያለው እንግሊዝኛው ነው፣ የአማርኛውን አገር ስገባ ነው የምገዛው፣ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ፊልሙን_ብቻ፦
ፊልሙን_ብቻ የሚለውን ስም ልቀይር ነው መሰለኝ። ከየት ነው ማንበብ የምጀምረው፣ ከመጋረጃው ልጀምር ይቻላል?

መጽሐፍ_ታቅፌ፦
አይቻልም! ከ12 ያርዱ ጀምር፣ ካለዛ የመጋረጃው አይጥምህም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ይሄንን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ጋሼ ሲንጀር ካሉ ግን አንድ የቀረችኝ ጥያቄ አለች፣ አራታችንም ተከራክረን አልተስማማንም፣ ለዛ ቀሚስ የአንድ መስኮት መጋረጃ ይበቃል?

ሲንጀር_መርካቶ፦
አለሁ። እንደ መስኮቱ ነው ልጄ። የነዛ ሰዎች መስኮት ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ ሁለት ነጠላ ካለው፣ አንዱ ሦስት ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱ ስድስት ነው። ለዛ ዘመን ሰፊ ቀሚስ አይበቃም። ከፋይ ደግሞ ዝም ብለሽ እያዟዟርሽ አትቆርጪውም፣ ጸጉሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፣ ካልሆነ ግማሹ ጥቁር አረንጓዴ ግማሹ ፈዛዛ ይመስላል፣ ስለዚህ ብዙ ጨርቅ በቁራጭ ይቀራል። ሁለት መስኮት ትፈልጊያለሽ። ሦስትም ቢሆን አልከራከርም፣ ልጅቷ እጅጌና ካባ ጨምሪ ብላ ከሆነ።

ቁራጩን ምን አደረጉት ግን? መጽሐፉ ላይ ካለ ንገሩኝ። እኔ ብሆን ለሕፃኑ ልጇ ኮፍያ ይወጣው ነበር።